በድንበሩ ደጅ የቆመው ካስማ

የአገሩ ስም ይቅር። ስም ከተነሣ ባለቤት ይነሣል፣ ባለቤት ከተነሣ ደግሞ ጨዋታው ይቀራል። ብቻ ወንዝ ዳር ያለ አገር ነበር። ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሡም ዘበኛ አላነሰውም። ወንዙ ግን ንጉሡንም ዘበኛውንም አይሰማም ነበር።

ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ዳርቻውን ይጥሳል። አንድ ዓመት በቀኝ፣ አንድ ዓመት በግራ እያለ ያሻውን ጎጆ ጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ አገር ከዳኛም ከሐኪምም በላይ የሚፈለግ ሰው ቢኖር የወንዝ ቀማሪ ነው። የዚያን ዘመን ቀማሪ ማዘንጊያ የምትባል ሴት ነበረች።

ሙያውን ከአባቷ ወርሳለች። የሰኔ ደመና ሲከብድ ወንዝ ትወርድና ውሃው በየዓመቱ ቋጥኙ ላይ ጥሎት የሄደውን ጭቃ ታያለች፤ አረፋውን በምላሷ ትነካለች፤ ጉንዳን ጓዙን ይዞ ወዴት እንደተሰደደ ትከተላለች። ከዚያ ጠጠሯን ዘርግታ ትደምራለች፣ ከድምሩ ላይ እየነሣች ትገድፋለች፣ የተረፈውን ይዛ ትነሣለች። ከበሮዋን መትታ «ዘንድሮ ከሾላው እስከ ቀጥቃጮቹ ሰፈር» ካለች፣ ከሾላው እስከ ቀጥቃጮቹ ሰፈር ነው።

ከእሷ ቃል በኋላ ሥራው የካስማ ሹሙ የፈንታ ነው። ፈንታ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካስማ በተነገረበት ደጅ ሁሉ ይተክላል። ካስማ የቆመበት ቤት ደግሞ ሕግ አለው። ጎረቤት ፍም አያበድረውም፣ እህል አይሰፍርለትም፣ ለሥራ አይጠራውም። ለእንግዳ ሰው ጭካኔ ይመስላል። ነገሩ ግን ደግነት ነበር። ሰው ቤቱን ይወዳል፤ ውሃው አንገቱ ሥር እስኪደርስ «ዘንድሮስ አይመጣም» እያለ ይቀመጣል። ምድጃው ሲቀዘቅዝበት ግን እያጉረመረመም ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ፣ ላሙን ነድቶ ሽቅብ ወደ ዘመዶቹ ይወጣል። ወንዙ መጥቶ ባዶ ጎጆ ይወስዳል። መስከረም ሲጠባ ካስማው ይነቀላል፣ ያ ፍም የነፈገው ጎረቤትም ማገር ተሸክሞ ጎጆ ሊያቆም ይመጣል። በዚህ ሕግ ብዙ ነፍስ ተርፏል።

እንግዲህ በዚያ አገር ሌባ በዛ። ዘበኞቹም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ ፍየል ሲጠፋ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይገርፋሉ። «ከተገረፉት አንዱ ሌባ መሆኑ አይቀርም» ይሉ ነበር፤ አንዳንዴም አይቀርም። የማዘንጊያ ታናሽ ወንድም ለሚስቱ አዋላጅ ሊጠራ እንደወጣ በዚህ ዘዴ እግሩን ሰበሩት። ዛሬም ድረስ በምርኩዝ ነው።

አንድ ቀን ሊቀ ዘብ ቢሻው የሚባለው የዘበኞች ሁሉ አለቃ ማዘንጊያ ቤት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንጉሥ የሚቆጣው ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ማዘንጊያ፣» አላት፣ «ወንዙ ሳይጥስ የማንን ቤት እንደሚወስድ ያውቃሉ።»

«እገምታለሁ እንጂ አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ አልሳቱም።»

«ወንዙ ታዝቦኝ ዝም ብሎ ነው።»

«እንግዲያው ሰው ሳይሰርቅ ማን እንደሚሰርቅ ይንገሩኝ።»

ማዘንጊያ ሳቀች። «ሰው ወንዝ ነው እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ሁለቱም ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ የሰው ንብረት ይዘው ይሄዳሉ። ምን ልዩነት አላቸው?» ከዚያ ቢሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እምቢ ካሉ አላስገድድም። እኔም እንደ ልማዴ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ስገርፍ እኖራለሁ። የወንድምዎ እግር እንዴት ነው?»

ሲዝትባት አልነበረም፤ የምሩን ነበር የጠየቃት። ማዘንጊያን ያሸነፋትም ይኸው ነው። ጠጠር አይሰክርም፣ ጉቦ አይበላም፣ የማን ዘመድ ነህ ብሎ አይጠይቅም ብላ አሰበች። ሁሉም ከሚገረፍ፣ ቀመሩ የለየው ቢጠበቅ ይሻላል።

ለወንዝ የቋጥኙን ጭቃ እንደምታይ ሁሉ ለሰውም ምልክት ፈለገች። ምልክቱም ነበር። ዘበኛ ሰው በያዘ ቁጥር በሰውየው መቃን ላይ በጦሩ ጫፍ ይጭራል፤ የቆየ ልማድ ነው። ማዘንጊያ በየሰፈሩ እየዞረች መቃን አየች። ውሃ በሄደበት ይሄዳል፤ የተያዘም ይያዛል። ላይኛው ሰፈር አጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ዘበኛ ዘልቆ አያውቅም፤ መቃኑ ሁሉ ለስላሳ ነው። ታችኛው ሰፈር ግን መቃኑ እንደ አሮጌ መክተፊያ ነበር። እሷም የታያትን ደመረች፣ ገደፈች፣ «አዝመራ ሳይገባ ይሰርቃሉ» ብላ የተረፉትን ሰዎች ስም ተናገረች። ፈንታም ያለው ካስማ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያንኑ የጎርፉን ካስማ በየደጃቸው ተከለ። ካስማ ሲቆም ደግሞ ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ ፍም አይሰጥ፣ እህል አይሰፈር፣ ለሥራ አይጠራ።

ከውሃ የሚሸሽ ሰው ሽቅብ ይወጣል። ከራሱ የሚሸሽ ሰው ግን መውጫው በየት በኩል ነው? ዘመዶቹም ካስማውን ሰምተዋል።

አዝመራው ሳይገባ፣ ካስማ ከቆመባቸው መካከል ቆዳ ፋቂው በቆሎ ሰረቀ። እንጨት ተሸካሚው ፍየል ሰረቀ። አንዲት ባልቴት የጎረቤቷ ምድጃ ላይ ተያዘች።

«ምን ልትወስድ?» አለች ማዘንጊያ ወሬውን ስትሰማ።

«ፍም፣» አላት ፈንታ ደስ ብሎት። «በገል ዝቃ ስትወጣ።»

«ፍም?»

«ስርቆት ስርቆት ነው፣ እሜቴ። ቀመርዎ ወርቅ ነው።»

ሁሉም ከወንዙ ማዶ እስረኞች ወደሚሠሩበት ድንጋይ ፈለጣ ተወሰዱ። ንጉሡ ተደነቀ። ማዘንጊያን «አፈ ነገ» ብሎ ሾማት፣ በቅሎ ሰጣት። በበቅሎዋ ስታልፍ ሴቶቹ ሮጠው መቃናቸውን በእበት ይለስኑ ጀመር። ወዲያው «መቃን የለሰነ እንደ ሌባ ይቆጠራል» የሚል አዋጅ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ ነበር ሰዎቹ፤ ማዘንጊያን ግን ከሩቁ እጅ እየነሱ፣ አንገታቸውን እየሰበሩ ያሳልፏት ነበር። ፍርሃትን አክብሮት ብላ ለመቁጠር ሞከረች፤ በልቧ ግን ያቺ ፍም እንዳልጠፋች ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት ጠጠሩ ድንበሩ በሚባል ሰው ላይ ወደቀ።

ድንበሩ ታንኳ ቀዛፊ ነው። መቃኑ ላይ ጭረት የበዛበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ዘበኞቹ ታንኳው ዘገየ ብለው ይዘውታል፣ ፈጠነ ብለውም ይዘውታል። ሚስቱ አስካለ እርጉዝ ናት። ካስማው ከቆመ በኋላ በታንኳው የሚሻገር ጠፋ፤ ሰው ሌባ ተብሎ ከተነገረበት ቀዛፊ ጋር ከመሻገር ዞሮ በሩቁ ድልድይ መሄድን መረጠ። ድንበሩ ያን ጊዜ ማዘንጊያ ዘንድ ሄደ። ደጇ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

«እትዬ ማዘንጊያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ምን አጠፋሁ?»

«ገና ምንም።»

«ታዲያ መቼ ነው የማጠፋው? ቀኑን ቢነግሩኝ ቤቴ እውላለሁ።»

ግባ አለችው፤ አልገባም።

«አስካለ ትናንት ጥሬ ሽምብራ አሽታ በላች። የምትቀቅልበት እሳት የለንም። ድንጋይ ከድንጋይ ሳጋጭ ዋልኩ፤ ጭስ እንኳ አልወጣው አለ። እሱስ ይሁን። እትዬ፣» አለ፣ «ትናንት የጎረቤቴን ፍየል አየኋት።»

«ፍየል ብታይ ምን አለበት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ፍየል ሳይ ኖሬያለሁ። እንደ ትናንቱ ግን አይቼ አላውቅም። ቀመርዎ ሐሰት ነው ልል ነበር የመጣሁት፤ እውነት እየሆነብኝ ነው።»

ሄደ። ማዘንጊያ ጠጠሯን እንደገና ዘረጋች። ደመረች፣ ገደፈች፤ ድንበሩ ተረፈ። ደግማ ገደፈች፤ አሁንም ድንበሩ። እንዲያውም ካስማው ራሱ መቃኑ ላይ እንደ አንድ ጭረት ስለሚቆጠር ከበፊቱ ይልቅ በርትቶ ተረፈ። ጠጠሮቹን ትታ ወደ ወንዙ ወረደች። ቋጥኙ ላይ ያለውን ጭቃ ስታይ ቆየች። ይህን ጭቃ የተወው ውሃው ነው፤ የወንዙ የገዛ ራሱ ቃል ነው። መቃኑ ላይ ያለውን ጭረት የተወው ግን ሌባው አይደለም፤ ዘበኛው ነው። እሷ ሌባን የቀመረች መስሏት ዘበኛ የሚረግጥበትን መንገድ ስትቀምር ኖራለች። ወንዙ ደግሞ የተነገረበትን አይሰማም። ትመጣለህ ቢሉት አይከፋው፣ አትመጣም ቢሉት አይቀር። ሰው ግን ይሰማል፤ ጎረቤቱም ይሰማል።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ሳለ፣ አፈ ነገ ማዘንጊያ በበቅሎ ሳይሆን በእግሯ፣ ገል ሙሉ ፍም ይዛ ታችኛው ሰፈር ገባች። ፈንታ ከኋላዋ እየሮጠ ደረሰ።

«እሜቴ፣ ካስማ ያለበት ነው! ጎረቤት ፍም አይሰጥም ይላል ሕጉ።»

«እኔ ጎረቤት ነኝ?»

ፈንታ አሰበ። «አይደሉም።»

«እንግዲያው ዞር በል፣ እጄን እያቃጠለኝ ነው።»

በአስካለ ምድጃ ላይ ፍሙን ገለበጠችው። ከዚያ ማዘንጊያ ወንዝ ወርዳ በድንበሩ ታንኳ ውስጥ ተቀመጠች። ማዶ የምትሄድበት ጉዳይ አልነበራትም፤ ሄዳ ተመለሰች፣ የቀዛፊውንም ድርሻ በእህል ሰፈረችለት። ሴቶቹ ከደጃቸው ሆነው አዩ። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልተከተላትም። በማግሥቱ ዘነቡ የምትባል ሸማኔ፣ የአስካለ ጎረቤት፣ «እኔስ አፈ ነገ በሰጠችው ፍም ላይ ብጨምር ምን አለበት? አልጀመርኩትም» ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ካስማ በቆመበት ደጅ ሁሉ ሴት በገል ፍም ይዛ ስትመላለስ ማየት ተለመደ። እያንዳንዷ «እኔ አልጀመርኩትም» ትላለች።

አዝመራው ገባ። ማንም አልሰረቀም።

ነገሩ የዚያን ጊዜ ተበላሸ። ቀመሩ «አዝመራ ሳይገባ ይሰርቃሉ» ብሏል። የድንጋይ ፈለጣው አለቃ መሮ ስሎ፣ ሰንሰለት አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ካስማ ቆሞበት ያልሰረቀ ሰው ምን ይደረግ የሚል ሕግ ደግሞ በአገሩ የለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

አስካለ ወልዳ ነበር። ማዘንጊያ አራሷን ልትጠይቅ ሄዳ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ሳለ፣ ፈንታ በጋቢው ተሸፋፍኖ ደጁን አንኳኳ።

«ድንበሩ ወንድሜ፣ እንደምነህ?»

«ይኸው፣ ካስማህን ስጠብቅልህ።»

«አዝመራው ገባ እኮ።»

«ገባ። ተመስገን።»

«ምንም አልሰረቅህም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ቀልዱን ተወው። ነገሩ ከንጉሡ ግቢ ደርሷል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ አንተ እኮ ዳቦውንም አልላስክ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ፈንታ ወዲያ ወዲህ ገላመጠና ከጋቢው ሥር አንዲት ዶሮ አወጣ። «የራሴ ናት። እንቁላል መጣል ካቆመች ቆይታለች፤ ሆድ አይባስህ። እዚህ ጋ እጥላታለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። አንተ ትይዛታለህ። በቃ።»

«ከሰጠኸኝማ ስጦታ ነው።»

«አልሰጠሁህም አልኩህ፤ ጣልኳት ነው የምልህ።»

ጣላት፤ ፊቱንም አዞረ። ድንበሩ ዶሮዋን አንሥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው። «ጌታዬ፣ ዶሮ ወድቃብዎት ነበር።»

ፈንታ ዶሮዋን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ልጆች አሉኝ፣ ድንበሩ። ካስማ የሚተከልበት ሰው ከጠፋ የካስማ ሹም ምን ይበላል?»

«ለዛሬ ዶሮዋን ብላ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አስካለ ሳቀች፤ ወገቧን ስላመማት ደግሞ አቃሰተች። ማዘንጊያ አልሳቀችም። ነገሩ እዚህ ላይ እንደማይቆም ገብቷታል።

አልቆመምም። ሸንጎ ተጠራ፤ ሊቀ ዘብ ቢሻው የግቢውን ቃል አሰማ። «አፈ ነገ ተሳስታ አታውቅም። ስለዚህ ስርቆት ተፈጽሟል። ያልታወቀው የተሰረቀው ዕቃ ነው። ሁላችሁም ቤታችሁ ገብታችሁ ምን እንደጠፋባችሁ ፈልጉ።»

አገር ሁሉ ቤቱን ሲያገላብጥ ዋለ። አንዱ ሙዳዩን፣ አንዱ ጎተራውን፣ አንዱ ሚስቱን ቆጠረ። ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ «መነጽር የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ጠፍቶ ነበር» አለ። ሌላ የጠፋ አልተገኘም። በመጨረሻ ዘነቡ ተነሣች።

«ከእኔ ቤት ፍም ጎድሏል፣» አለች።

ቢሻው ቀና አለ። «ማን ወሰደው?»

«እኔው። ለአስካለ ይዤላት ሄድኩ።»

«ከእኔም ጎድሏል፣» አለች ሌላዋ። «እኔም፣» አለች ሦስተኛዋ፤ «ዱቄትም ጭምር።» ሸንጎው በሴት ድምፅ ተሞላ። የሰጡትን ነገር እንደ ጠፋባቸው ሁሉ እየጠሩ ተናዘዙ። ጸሐፊዎቹ ይህን በየትኛው መዝገብ እንደሚያስገቡ ጠፋቸው።

ቢሻው እጁን አነሣ። ፊቱ ላይ ድካም ነበረበት። «ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ይምጡ። ሁለት መንገድ ነው ያለው። ቀመሩ ልክ ከሆነ ድንበሩም ሌሎቹም ሌቦች ናቸው፣ የሰረቁት ግን አይታይም፤ ዛሬውኑ ወደ ፈለጣው ይሻገራሉ። ቀመሩ ስሕተት ከሆነ ካስማው ሁሉ ይነቀላል። ያን ጊዜ ግን ሕጉን ያውቁታል። በአንድ የሳተ አፍ በሁለተኛው አይታመንም፤ የጎርፉን ከበሮ ያስረክባሉ።»

ማዘንጊያ ከበሮውን አየች። ቆዳውን አባቷ የወጠረው ነው። ከበሮው ከተወሰደ ክረምት ሲመጣ ማን ይመታል? ዝም ካለች ደግሞ ድንበሩ ዛሬውኑ ሰንሰለት ነው። ድንበሩን አላየችውም፤ ካየችው እንደሚያዝንላት ታውቃለች። የቆመችው በወንዝና በሰው መካከል ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱን ለያይታ አታውቅም።

«ተሳስቻለሁ፣» አለች።

«በየትኛው ድምር ላይ?»

«ድምሩ ልክ ነው። መደመሬ ነው ስሕተቱ። ወንዝ ላይ ያየሁት ምልክት የወንዙ ነው፤ መቃን ላይ ያየሁት ምልክት የእናንተ ነው። የእናንተን እጅ ቆጥሬ ሰዎቹን ፈረድኩባቸው። ከዚያ ፍም ከለከልናቸው፣ ሲሰርቁ ደግሞ ቀመሬ ሠመረ ብዬ በበቅሎ ሄድኩ። ባልቴቷን መልሱልኝ። ፍም ነው የወሰደችው።»

ባልቴቷ አልተመለሰችም፤ በድንጋይ ፈለጣው ላይ ሞታ ነበር። ቆዳ ፋቂውና እንጨት ተሸካሚው በቀጣዩ ገበያ ተለቀቁ። ካስማው ተነቀለ፣ በቅሎውም ከበሮውም ተወሰደ፣ «አፈ ነገ» የሚለውን ስም መጥራትም ክልክል ሆነ። ማዘንጊያ ባልቴቷ ቤት ሄዳ ባዶ ምድጃዋ አጠገብ ብዙ ተቀመጠች።

ክረምት ደረሰ። ከበሮው ግቢ ውስጥ ተሰቅሏል። ፈንታ ቀማሪ ስለሌለው የጎርፉን ካስማ አምና በተከለበት ደጅ ተከለ፤ ማዘንጊያም ይህንን ሰምታ ራሷን ያዘች። ወንዝ ወርዳ ጭቃውን፣ አረፋውን፣ ጉንዳኑን አየች፣ ገደፈች። ዘንድሮ ከላይ በኩል ጥሶ ወደ ላይኛው ሰፈር ነው፤ የግጦሹን መስክ ይዞ እስከ ታላላቆቹ በረት። ለታችኛው ሰፈር ሴቶች ነገረች፤ እነሱ አመኗት። የላይኛው ሰፈር ሰዎች ግን የሳተ አፍ ብለው ሳቁ።

ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ የተከናነበ ሰው ደጇ ላይ ቆመ። ጫማው ላይ ያለውን የሊቀ ዘብ ዘለበት ግን አልሸፈነውም።

«በዚህ ሳልፍ ነው፣» አለ ቢሻው።

«ይለፉ።»

አላለፈም። «ዘንድሮ የኔ ቤት ይደርሳል?»

ማዘንጊያ አየችው። የወንድሟን እግር አሰበች፣ ባልቴቷን አሰበች፤ ዝም ብትለው ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«ይደርሳል። ከነገ ወዲያ ሳይዘል። ላሞችዎን ዛሬ ያውጡ።»

«በሸንጎ ተሳስቻለሁ ብለው ነበር።»

«በሰው ነው የተሳሳትኩት። ላሞችዎን ያውጡ።»

ቢሻው ዞሮ ሄደ። ማዘንጊያን ጠይቆ መጣ እንዳይባል አሽከር መላክ አልቻለም። ስለዚህ የዘበኞቹ ሁሉ አለቃ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በልጅነቱ ከያዘው ወዲህ ይዞት በማያውቀው አርጩሜ የገዛ ላሞቹን በአደባባዩ መካከል ሽቅብ ነዳ። አንዷ ጥጃ አስቸገረችው፤ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሮጠላት።

የላይኛው ሰፈር ሰው በየደጁ ቆሞ አየ። ከበሮ አልተመታም፣ ካስማ አልቆመም፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን የሰፈሩ ላሞች በሙሉ ዳገቱ ላይ ነበሩ።